በቀኑ ጥብቅ፣ በዕውቀቱ ልል

ዛሬ ፖለቲካውን ትንሽ እናሳርፈውና ብዙ ሰው «የጥቂቶች ጉዳይ ነው» ብሎ ስለሚያልፈው ነገር ላውራ። የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲዎችና የነገረ መለኮት ኮሌጆች የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎቻቸውን ስለሚያስተዳድሩበት ደንብ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ አብዛኞቻችሁ ቪዲዮውን በስልካችሁ አይታችኋል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ ከተማ ነው፤ የማውቃቸው ሰዎች የዕድሜ ልክ ልፋት ሲነድ ነበር ያየሁት። ከነሱ አንዱ አንድ መሪጌታ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸውም እንዲጠራ አይፈልጉም። ጠዋት በደብራቸው ያገለግላሉ፣ ቀን በአንዲት ጠባብ ሱቅ ነጠላ፣ ጋቢና የካህናት ልብስ ይሸጣሉ፣ ማታ ማታ ደግሞ የነገረ መለኮት ማስተርስ ይማሩ ነበር። ኮርሱን ሁሉ በጥሩ ውጤት ጨርሰው የቀራቸው የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነበር። ላፕቶፑ ሱቁ ውስጥ ነበር። በእጃቸው የጻፉት የዓመታት ማስታወሻ በካርቶን ታሽጎ ከጋቢው ክምር ሥር ነበር። «ኢሜይል ላይ አላስቀመጡትም?» ብዬ ስጠይቃቸው ያዩኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የመርካቶ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ዕዳ ይጠይቃል፣ አንዱ ያጽናናል፣ አንዱ ቦታህን ልከራይልህ ይላል። ወዲያው በኅዳር ደግሞ የደረሰኝ ቁጥጥሩ ጭንቀት መጣና ግማሹ ሱቅ ተዘጋ። መሪጌታ በዚያ መሀል የሴሚስተር ምዝገባ የሚባል ነገር መኖሩን ረሱ። የመጀመሪያው አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ሐምሌ ላይ ልባቸው መለስ ሲል ወደ ኮሌጃቸው ሄዱ። (ኮሌጁንም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ጉድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።) ሬጅስትራር ያለችው ልጅ በጣም ትሑት ናት። ከወንበሯ ተነሥታ መስቀል ተሳለመች፤ ከዚያ «አባቴ፣ ሁለት ተከታታይ ሴሚስተር ያልተመዘገበ ተማሪ እንደተሰናበተ ይቆጠራል፤ ሲስተሙ ራሱ አይቀበለኝም» አለቻቸው። መማር ከፈለጉ እንደ አዲስ ማመልከት፣ እንደ አዲስ መፈተን፣ እንደ አዲስ መክፈል። «እሳት ነው እኮ ያጋጠመኝ» ሲሏት «አውቃለሁ አባቴ፣ በቲቪ አይቻለሁ» አለች። እያወቀች ምንም ማድረግ አትችልም። ደንቡ ውስጥ እሳት የሚባል ቃል የለም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ «ደንብ ደንብ ነው» ብዬ ዝም ባልኩ። ግን በዚያው ዓመት በዚያው ኮሌጅ አንድ ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን ሲከላከል ተቀምጬ አይቻለሁ። ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ጽሑፉን እሱ እንዳልጻፈው ለሁላችንም ገባን። በራሱ ምዕራፍ ሁለት ውስጥ የተጠቀሰውን ሊቅ ስም እንኳ ማንበብ አቃተው። ፈታኞቹ ተያዩ፣ አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሦስተኛው «የአገልግሎት ጫና እንዳለብህ እናውቃለን» አለ። «በጣም ጥሩ» ተባለና አለፈ። በምዝገባ አንድ ቀን አላሳለፈም፤ ክፍያውንም በሰዓቱ ከፍሏል። በደንቡ ዓይን እንከን የለበትም።

ይሄው ነው እንድጽፍ ያነሣሣኝ። የድኅረ ምረቃ ደንቦቻችን ጥብቅ የሆኑት በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ዕውቀቱ ላይ ሲደርሱ ይላላሉ። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው፤ በተለይ ራሱን ክርስቲያን ብሎ የሚጠራ ተቋም ላይ።

እስቲ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ይህ ክሬዲት አወር፣ ሴሚስተር፣ ትራንስክሪፕት የሚባለው ነገር የመጣበት መንገድ ይታወቃል። ንጉሡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን በ1943 ዓ.ም. ሲከፍቱ እንዲመሩት የሰጡት ለካናዳውያን ኢየሱሳውያን ነበር፤ ኃላፊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። እነዚህ መነኮሳት ከዚያ በፊት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ይዘው ቆይተዋል። ወደ አገሩ ሲገቡ ስብከት እንዳያካሂዱ ተነግሯቸው ነበርና ቀሚሳቸውን አውልቀው በኮትና በሱሪ ያስተምሩ ነበር። በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የአሜሪካኖቹ አሠራር በደንብ ገባ። አራት ኪሎ ያለው የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅም የዚያ ዩኒቨርሲቲ አካል ነበር። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ኮሌጅና ዘመናዊው የዩኒቨርሲቲ ደንብ ከጥንት የሚተዋወቁ ናቸው። ደርግ የሥላሴን ኮሌጅ ዘጋው፤ ከለውጡ በኋላ በ1980ዎቹ ውስጥ ተከፈተ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። በወንጌላውያኑ በኩል እ.ኤ.አ. በ1960 የተከፈተው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ መካኒሳ ላይ አለ። ከዚያ ብዙ ዘግይቶ የመጣው የኢትዮጵያ ድኅረ ምረቃ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ደግሞ ከተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ተማሪዎችን በአንድ ክፍል ያስቀምጣል። በመንግሥቱ በኩል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እንግዲህ ይህ የማስተርስ ነገር ለአገራችን ገና የአንድ ሰው ዕድሜ እንኳ አልሞላውም።

የማስተርስ ደረጃ ያለው ትምህርት ግን ገና ዕድሜ አልሞላውም ካልን እንሳሳታለን። ቅኔ ቤት የጨረሰ ሰው ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ አቋቋም ቤት፣ ወደ መጻሕፍት ቤት ሲሻገር ያ ምንድን ነው? ድኅረ ምረቃ ነዋ! ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት ተብሎ የተከፋፈለ፣ እያንዳንዱ ጉባኤ የራሱ መምህር ያለው። ድጓ የተማረ ሰው የትም ተምሮ ሊሆን ይችላል፤ ላስመስክር ካለ ግን ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ። አቋቋም ከሆነ ጎንደር። ለየሙያው የታወቀ የማስመስከሪያ ቦታ ነበረ፤ ዛሬም አለ።

የዚያ ትምህርት ቤት የአካዳሚክ ፖሊሲ ምን ይመስል ነበር? በወረቀት አልተጻፈም እንጂ ማንም ተማሪ ያውቀዋል። ክፍያ የለም፤ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ይበላል። የምዝገባ ቀን የለም። እናቱ የሞተችበት ተማሪ አገሩ ሄዶ ቀብሮ፣ አርሶ፣ ታናናሾቹን አሳድጎ በሦስተኛው ዓመት ቢመለስ መምህሩ «የት ነበርህ?» ይለዋል እንጂ «ተሰናብተሃል» አይለውም። ካቆመበት ይቀጥላል። የረሳውን ይከልሳል። በዚህ በኩል ልል ነው፤ በጣም ልል ነው። አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን እዩ። ቤተልሔም ሄዶ ድጓውን ያልዘለቀ ሰው የማን ዘመድ ቢሆን አይመሰክርም። ምልክቱን የሳተ ተመለስ ይባላል፤ ዓመት ጨምሮ ይመጣል። «የአገልግሎት ጫና አለብህ» ብሎ የሚያሳልፈው የለም፤ ነገ ማኅሌት ላይ ቆሞ ሲዘምር መምህሩም አብሮ ይዋረዳልና። ጊዜውን ለቀቅ፣ መስፈርቱን ጠበቅ ያደረገ ደንብ ነው።

እኛ ያደረግነው መገልበጥ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «የድሮውን አታጋን፣ የቆሎ ተማሪ ስንቱ በረሃብና በተስቦ ቀርቷል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አሥራ አምስት ዓመት አኮፋዳ ተሸክሞ ምንም ሳይዝ የተመለሰ ብዙ ነው፤ ሴት ልጅ ደግሞ ጨርሶ ቦታ አልነበራትም ማለት ይቻላል። የጊዜ ገደብ የሚባለው ነገርም ምክንያት አለው። አማካሪው ስንት ተማሪ ይሸከማል? የዛሬ አሥር ዓመት የተወሰደ ኮርስ ዛሬ ምን ያህል ይጠቅማል? ደግሞ ራሴን ልናዘዝ፤ እኔም የማታ ማስተርስ ተማሪ ነበርኩ፤ ቀነ ገደብ ባይኖርብኝ ኖሮ ዛሬም ምዕራፍ አንድ ላይ ነበርኩ። ፋሲካ ይለፍ፣ ክረምቱ ይግባ፣ ዘመን ይለወጥ እያልኩ። ገደብ የሚያስፈልገው ሰው አለ። እኔ አንዱ ነኝ።

ግን በሰነፍና ሱቁ በተቃጠለበት ሰው መካከል ልዩነት ማየት የማይችል ደንብ ገና ያልተጨረሰ ደንብ ነው። በሌላው ዓለም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የክርስቲያኖቹም ጭምር፣ የጊዜ ገደባቸው ከኛ አይለይም፤ የማራዘሚያ ክፍያም ያስከፍላሉ። ከገደቡ ጎን ግን ፈቃድ የሚባል አንቀጽ ይጽፋሉ። የታመመ፣ የወለደች፣ ቤተሰብ የሞተበት፣ ለውትድርና የተጠራ ተማሪ በአንድ ገጽ ቅጽ ሰዓቱን ያስቆማል። ሲመለስ ሰዓቱ ከቆመበት ይቀጥላል። እኛ ደንቡን ስንቀዳ ገደቡን ቀድተን ፈቃዱን ወይ ትተነዋል፣ ወይ «በልዩ ሁኔታ በዲኑ ውሳኔ» በምትል ግማሽ መስመር ጠቅልለነዋል።

ያቺ ግማሽ መስመር ናት ነገሩን ያበላሸችው። «በዲኑ ውሳኔ» ማለት በተግባር ዲኑን የሚያውቅ ሰው ይመለሳል፣ የማያውቅ ይቀራል ማለት ነው። በክርስቲያን ተቋም ደግሞ ይህ ከሌላው ይብሳል። ሁሉም አባት፣ ወንድም፣ እኅት ነው፤ ጉዳይ የሚፈጸመው በኮሪደር «አባታችን ይርዱኝ» በማለት ነው። ርኅራኄ የሌለ እንዳይመስላችሁ፤ በሽ ነው። ግን ርኅራኄው በሰው እጅ ስለሆነ የሚደርሰው ለቀረበ ሰው ነው። በመሪጌታ ዓመት ሌላ ሦስት ሴሚስተር የጠፋ ተማሪ ተመልሷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሳት ግን አልደረሰበትም። የሚያውቀው ሰው ነበረው።

መርካቶ ይህን ነገር ከዩኒቨርሲቲዎቹ በፊት የፈታችው ይመስለኛል። ዕቁብን ተመልከቱ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ አሥር ሳንቲም አይነካም። ያሳለፈ ይቀጣል፤ የዳኛው ወንድም ቢሆንም ይቀጣል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ዋሱ ጋ ነው የሚኬደው። ከዚያው ጎን ግን ችግር የደረሰበት አባል ከሰው ፊት ቆሞ «ይህ ደርሶብኛል» ቢል ዕጣው ሳይወጣ ለሱ እንዲሰጠው ይጠየቃል። አባላቱ ይመክራሉ፣ ይሰጡታል። ዋስ ግን ያመጣል! ምሕረቱም ደንብ ያለው ነው፤ በጓዳ የሚሰጥ አይደለም፤ ሁሉም ሰምቶት፣ ጸሐፊው በደብተር ጽፎት ነው። መሪጌታ ከእሳቱ በኋላ ሱቅ መልሰው የቆሙት በዕቁብ ነው። ሁለት ሙስሊም ነጋዴዎች ተራቸውን ለቀውላቸዋል፤ ዋስ የሆኗቸው ደግሞ የጋቢ አከፋፋያቸው ናቸው። ይህ ሁሉ አንድ እሑድ ከሰዓት አለቀ። በኮሌጁ በኩል ያለው ጉዳይ እስካሁን አላለቀም።

ጣሊያን በወረራው ጊዜ የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ ሥር ነቅሎ ወደ ምዕራብ ሲያመጣው ለ«አገሬው ሰው» የሚሆን ተራ ቦታ የለየ መስሎት ነበር። ያ ተራ ቦታ ነው እንግዲህ ዛሬ ደንብና ምሕረትን በአንድ ደብተር መጻፍ የቻለው። ይቅርታ፣ የሰፈሬ ነገር ሲነሣ ትንሽ ይጎትተኛል።

ወደ ዕውቀቱ ልመለስ፤ ዋናው ሕመም እዚያ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ገበያ የሚባለውን ታውቃላችሁ። በዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን አይታችኋል፤ «ጥናታዊ ጽሑፍ እናማክራለን» ይላል፣ ሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ማማከር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ነውር ነው። ነገር ግን የክርስቲያን ኮሌጅ ተማሪ፣ ቆሞ የሚቀድስ፣ ቆሞ የሚሰብክ ሰው ለምን እዚያ እንደሚደርስ መጠየቅ አለብን። «ሰው ከፋ» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። እኔ ግማሹን ጥፋት የማየው ደንቡ ላይ ነው።

አንዱ የቋንቋው ጉዳይ ነው። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። በግእዝ ሲቀኙ የሚሰማ ሰው አፉን ይዞ ይቀራል። የአንድምታ ትርጓሜን በአማርኛ ሲያወርዱ ሌሊቱ ይነጋል። ሊጽፉት ያሰቡት ስለ አንድምታ ነው፤ መጽሐፉ በግእዝ፣ ትርጓሜው በአማርኛ፣ ተማሪው ግእዝም አማርኛም አዋቂ፣ አማካሪው ኢትዮጵያዊ፣ ፈታኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ ቢጻፍ የሚያነበውም ኢትዮጵያዊ ነው። ደንቡ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፍ ይላል። ለምን? «ዓለም አቀፍ ደረጃ» ነው መልሱ። እንግሊዝኛ አያስፈልግም አልልም፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሌላውን ዓለም ጥናት ማንበብ ካልቻለ በገዛ ጓዳው ብቻ ይቀራል። ማንበብ መቻሉን ፈትኑት። ግን የሃምሳ ዓመት ሊቅን በማይቀኝበት ቋንቋ መቶ ገጽ ጻፍ ስትለው ወደዚያ ምሰሶ ላይ ወዳለው ስልክ ቁጥር እየመራኸው ነው። አንዳንዱ ራሱ በአማርኛ ጽፎ ያስተረጉማል። ሌላው አንዴ በሩን ከገባ በኋላ «ለምን እኔ እጽፋለሁ?» ይላል። በአማርኛ ወይም በግእዝ እንዲጻፍ መፍቀድ፣ ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ መጠየቅ፣ መከላከያውን ደግሞ ጠንካራ ማድረግ ይቻል ነበር። ለምሳሌ ጽሑፉ ተዘግቶ «ምዕራፍ ሦስትን በቃልህ አስረዳን» ማለት። ማስመስከር ማለት እኮ ይኼው ነው።

ሌላው አማካሪው ነው። ስለ ተማሪው ግዴታ ደንቡ ገጽ በገጽ ይዘረዝራል፤ ስለ አማካሪው ግዴታ ስንት መስመር አለ? ምዕራፍ የተላከለት አማካሪ በስንት ሳምንት ውስጥ አንብቦ ይመልስ? አብዛኛው ተማሪ የዘገየው በራሱ ስንፍና ብቻ አይደለም። እኔ አንድ ምዕራፍ ልኬ አራት ወር ጠብቄያለሁ። አማካሪዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን በሦስት ቦታ ያስተምራሉ፣ እሑድ ይሰብካሉ፣ በሳምንቱ መሀል ኮሚቴ አለባቸው። አልፈርድባቸውም፤ ዶክትሬት ያለው የነገረ መለኮት መምህር በጣት የሚቆጠር በሆነበት አገር ያለውን ሁሉም ይሻማበታል። ግን የሳቸው አራት ወር የተቆጠረው በኔ ሰዓት ነው፤ የማራዘሚያውን ክፍያም የከፈልኩት እኔ ነኝ። የአማካሪው እጅ ላይ የቆየበት ጊዜ ከተማሪው ገደብ ላይ ይቀነስ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ምን ያህል ከባድ ነው?

ስለ ድጋፍ ደብዳቤው በአጭሩ ልበል። ከደብር ወይም ከአጥቢያ ደብዳቤ አምጣ ማለት ለመግቢያ ተገቢ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የምትልከው ሰው ነውና። በየዓመቱ ይታደስ ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር በሒሳብ ምርመራ የተጋጨ ካህን፣ ከአጥቢያ ሽማግሌዎች ጋር በአንድ ሐሳብ ያልተስማማ ወንጌላዊ ትምህርቱ በዚያ ደብዳቤ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኮሌጁ ጠቡ ውስጥ የለበትም፤ ግን ዱላውን አቀብሏል።

የቅዳሜውም ነገር አለ። የማታና የቅዳሜ ተማሪ ማለት በኛ ከተማ አገልጋይና ነጋዴ ማለት ነው። ቅዳሜ ለመርካቶ ነጋዴ የሳምንቱ ትልቁ ገበያ ነው፤ ለካህኑ ደግሞ ሰንበት ነው፣ ቅዳሴ አለው። የሦስት ሰዓት ክፍል ላይ አሥር ደቂቃ ያረፈደ ቀሪ ነው የሚል ደንብ፣ ቅዳሴ ጨርሶ ከራጉኤል በእግሩ እየሮጠ ታክሲ የሚሳፈረውን ሰው አያውቀውም። ሴቶቹ ላይ ደግሞ ይከፋል። አብራን የተማረች አንዲት እኅት በወለደች በአርባኛው ቀን ፈተና ተቀምጣለች። ልጁን ይዛላት የመጣችው እናቷ ውጭ ዛፍ ሥር ነበረች፤ ሲያለቅስ ክፍል ውስጥ ድረስ ይሰማል። ያቺ ልጅ ያን ፈተና እንዴት እንደሠራች እግዜር ይወቅ። ስለ ማርያምና ስለ ልጇ በሚያስተምር ኮሌጅ ውስጥ «የወለደች ተማሪ» የሚል አንቀጽ አለመኖሩ ማንንም አልገረመም ነበር፤ እኔንም ያኔ አልገረመኝም።

«ታዲያ ለትምህርት ሚኒስቴር አቤት በሉ» የሚለኝ ይኖራል። እዚያ ብዙ መንገድ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ ይሰጥ ይላል። ስለዚህ የካህንና የወንጌላዊ ሥልጠና ላይ መንግሥት እጁን ቢሰበስብ አያስደንቅም፤ እንዲያስገባም አልፈልግም። ግን መዘዙን ልብ በሉ፦ ለዓለማዊው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከተቋሙ ውጭ አቤት የሚልበት በር አለው። የነገረ መለኮት ተማሪ ያለው የራሱ ኮሌጅ ደንብ ብቻ ነው። ያ ደንብ ከጎደለ ሌላ የሚሸፍነው ነገር የለም። ለዚህ ነው የክርስቲያን ኮሌጅ ደንብ ከሌላው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል የምለው።

ከኃላፊዎቹ አንዱን፣ የማከብራቸውን ሰው፣ ስለዚህ ጉዳይ አነጋግሬ ነበር። «ልጄ፣ ፈቃድ ብለን ከጻፍነው ሁሉም ችግር ደርሶብኛል ይላል» አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል። ሐሰተኛ የሕክምና ወረቀት በገንዘብ በሚገኝበት ከተማ ላይ ነው ያለነው። ግን ይህ ስጋት ዕቁብ ላይም አለ፤ መልሱ ዋስ ነው። ተማሪው ሁለት ምስክር ያምጣ፤ አንዱ ከአጥቢያው፣ አንዱ ከክፍል ጓደኞቹ። ጉዳዩን አንድ ዲን ብቻውን አይወስን፤ ሦስት ሰው ይይ፣ አንዱ ተማሪ ይሁን። ውሳኔው ተጽፎ ይለጠፍ፤ ስም ባይኖረውም ምክንያቱ ይኑረው፤ የሚቀጥለው ተማሪ በምን ጉዳይ ፈቃድ እንደተሰጠ ይወቅ። ከዓመት በላይ ካልሆነ ክፍያ አይጠየቅበት። ሲመለስ ግን መከላከያው ላይ አንድ ነጥብ አትቀንሱለት። እሳት የደረሰበት ሰው የሚፈልገው ጊዜ ነው። ያላወቀውን እንዳወቀ ቁጠሩልኝ ያለ የለም።

ለማስተርስ ምረቃ በአገራችን የተለመደው 3.00 ድምር ውጤት አለ፤ እሱ ይቆይ፣ ከተፈለገም ከፍ ይበል። የመሪጌታ ከዚያ በላይ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሱቃቸው ሄጄ ነበር። ከድሮዋ ትንሽ ትጠባለች። ሁለት ልጆች ከባንኮኒው ጀርባ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ቅኔ ይቆጥራሉ፤ መሪጌታ ለደንበኛ ጋቢ እየዘረጉ በመሀል የልጆቹን ስሕተት ያርማሉ። «ጽሑፉስ?» አልኳቸው። በቃላቸው ያስታወሱትን እንደገና በደብተር መጻፍ ጀምረዋል፤ ሁለት ደብተር ሞልቷል። አሁን በየገጹ በስልካቸው ፎቶ ያነሡታል።

ኮሌጁ ጋ አመልክተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አቤቱታ ለመጻፍ መጀመሪያ የደንቡን ኮፒ ጠይቀው ነበር፤ የትኛው አንቀጽ እንዳሰናበታቸው በዓይናቸው ማየት ፈልገው። ያለው አንድ ኮፒ ነው አሏቸው፤ ዲኑ ቢሮ ነው፤ ዲኑ ደግሞ ለስብሰባ ወጥተዋል፤ ሐሙስ ይምጡ። ይህ ከተባለ አምስት ሐሙስ ሆኖታል። በሚቀጥለውም እንደሚሄዱ ነገሩኝ፤ ሱቁን ለልጆቹ ትተው።